አየሩ የሚያልቅ መስሎኝ

ልጅ ሳለሁ፣ በስደት በምንኖርበት አገር፣ እማዬ ኦበርን ከተማ ካለው መጋዘን ሥራዋን ጨርሳ ቱክዊላ ወዳለው አፓርታማችን እስክትመለስ ድረስ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናሆምን የሚጠብቁን እትዬ አስካለ ነበሩ። ከእኛ ሥር ባለው ቤት ይኖራሉ። አገር ቤት ሳሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ ያኔ ግን አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ጠዋት ጠዋት አንሶላ ያጥባሉ፤ እጃቸው ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይላል። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ናሆም አራት። አባታችን ገና አዲስ አበባ ሆኖ ወረቀቱን ይጠባበቅ ነበር።

በዚያ አገር ታኅሣሥ ሲገባ ከትምህርት ቤት ተመልሰን መክሰስ ሳንጨርስ ይጨልማል። እትዬ አስካለ የኮርኒሱን መብራት አይወዱትም፤ «ዓይኔን ይወጋኛል» ይላሉ። ስለዚህ ያጠፉትና ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ሻማ ለኩሰው፣ ናሆምን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የሻማው ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እያዩ ተረት ይጀምራሉ። ተረታቸው የጅብና የጦጣ አልነበረም። የሰማይ ነበር።

«ምድርና ጨረቃ እህትማማቾች ናቸው» አሉን አንድ ቀን። «ሁለቱም አየር የሚባሉ ልጆች ነበሯቸው። እነዚህ ልጆች ዕረፍት አያውቁም፤ ቀን ከሌት ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይዘላሉ። እናቶቹ ደግሞ ስበት የሚባል ክንድ አላቸው፤ ልጅ ሲዘል ጎትተው ይመልሱታል። ምድር ግዙፍ ናት፣ ክንዷም ብርቱ ነው። ጨረቃ ግን ትንሽ ናት፤ ክንዷ አልቻለም። ልጆቿ አንድ በአንድ አመለጧት። ዛሬ እዚያ ብትጮሂ ድምፅሽን የሚያደርስ አየር የለም።»

«ማርስስ?» አልኳቸው።

«ለማርስ ጥቂት ቀርተውላታል። ለአንቺ ግን ለአንድ ትንፋሽ እንኳ አይበቁም።»

«ከእኛስ ያመልጣሉ?»

«ያመልጣሉ እንጂ። ቀላል ቀላሎቹ፣ በየቀኑ፣ ጥቂት ጥቂት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግረዋል፤ እኔ ግን ሌላ ነገር አልሰማሁም። በዚያችው ቅጽበት ጭናቸው ላይ የተቀመጠው የናሆም ደረት እንደ ተበሳ ኳስ ሲያፏጭ ሰማሁት። አስም ነበረበት። ያኔ አስም ምን እንደሆነ በውል አላውቅም፤ በልጅ ልቤ አየሩ ማለቅ የጀመረው ከእኛ ቤት ነው አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቱ ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ከእኔ ጋር ይተኛል። ክፍል ውስጥ ለናሆም እንዲተርፍ ብዬ ትንፋሼን እቆጥብ ነበር። ከግሮሰሪ የሚመጡትን የፕላስቲክ ከረጢቶች ደብቄ ወደ መኪና ማቆሚያው እወርድና፣ ከፍ አድርጌ አየር እሞላቸዋለሁ፤ አፋቸውን አስሬ አልጋ ሥር እከታቸዋለሁ። እማዬ አንድ ቀን አይታ ጠየቀችኝ።

«ለስኩል ፕሮጀክት ነው» አልኳት።

«ኦኬ» አለች፤ ደክሟት ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተኛች።

ነፋሱ የመጣው ከገና በፊት ባለው ሳምንት ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጥዶቹ እስከ ወገባቸው ይታጠፉ ነበር። ቤት እንደገባን መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያውም ቀጥ አለ። የእኛ ሻማ አልቆ ስለነበር እትዬ አስካለ «ባትሪ ይዤ መጣሁ፤ ወንድምሽን ያዥ» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ወረዱ።

በመስኮቱ አየሁ። ካርቶን፣ ቅጠል፣ የቆሻሻ መጣያ ክዳን ሳይቀር ከጣሪያው በላይ እየተነሳ ይሄዳል። ወደ ላይ! በቃ፣ የምድርም ክንድ ደከመ፣ አየሩ እየሄደ ነው አልኩ። ከኋላዬ ናሆም ማፏጨት ጀመረ። መድኃኒቱን እንፋሎት የሚያደርግለትን ማሽን አምጥቼ ጭምብሉን አፉ ላይ አደረግሁለት፤ ማሽኑ ግን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩት። ዝም።

ከአልጋ ሥር አንዱን ከረጢት አወጣሁ። ፈትቼ አፍና አፍንጫው ላይ ደፋሁት፤ ዳር ዳሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ናሆሜ፣ ውሰድ። ያንተ ነው፣ ተንፍስ።»

ከረጢቱ ተኮማተረ፣ ተነፋ፣ ተኮማተረ። ከዚያ እጄን መግፋት ጀመረ። አየሩ ስላነሰው መሰለኝ። አጥብቄ ያዝኩት።

የባትሪው ብርሃን ፊቴ ላይ ሲበራ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል። እንደዚያ ሲጮኹ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ከረጢቱን ነጥቀው ወረወሩት፤ ናሆምን ብድግ አድርገው ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ደረታቸው ላይ አስደገፉት። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ስልኩን! ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጊ!»

ስልኩ ይሠራ ነበር። አምቡላንስ ጠርቼ አድራሻችንን ተናገርኩ። ከዚያ እትዬ አስካለ «በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺ፣ ሲመጡ እንዲያዩን» አሉኝ። እኔ ግን በጀርባዬ በሩን ተደገፍኩት።

«ኖ! አልከፍትም! የቀረው አየር በሙሉ ይወጣል!»

እትዬ አስካለ አዩኝ። መሬት ላይ የወደቀውን ከረጢት አዩ። አልጋው ሥር የታጨቁትንም አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ናሆምን ታቅፈው ተነሱ፣ እኔን በክንዳቸው ቀስ አድርገው ገፍተው በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ነፋሱ ገባ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼ እስኪቆም ጠበቅሁ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ሳለ ሐኪሞቹ ናሆም አደጋውን እንዳለፈ ነገሩን። እትዬ አስካለ እጄን ያዙ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ» አሉ። አንድ ትልቅ ሰው እኔን ይቅርታ ሲጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር። «ስንት ዓመት አስተምሬ፣ ምን እንደሰማሽ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። ያ ነፋስ የትም አልሄደም፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር ነው የሮጠው። ምድር አልለቀቀችውም። አየር ክብደት አለው፤ አሁን እንኳ በሁሉም በኩል ተጭኖሻል፣ እኩል ስለሆነ አይታወቅሽም። የሚያመልጡት እጅግ ቀላሎቹ ናቸው። የምንተነፍሰው ግን ለልጅ ልጆችሽም አያልቅም። የናሆም ችግር ሰማይ ላይ አይደለም፤ ደረቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው የጠበቡት።»

እማዬ የሥራ ሰደርያዋን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። እትዬ አስካለ እግር ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«እኔን አታመስግኚኝ» አሏት፤ ወደ እኔ ሳያዩ። «የደወለችው ልጅሽ ናት።»

እማዬ አቅፋ ሳመችኝ። ያኔ ስለ ከረጢቱ መናገር ነበረብኝ። ፊቴን ሰደርያዋ ላይ ቀበርኩ።

ዝናቡና ጨለማው እስኪያልፍ ድረስ እትዬ አስካለ ይነግሩብኛል ብዬ ስፈራ ከረምኩ። አልተናገሩም። ተረታቸውንም አልተዉም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ በጨረሱ ቁጥር «እስቲ ምን ሰማሽ?» ብለው እኔን መልሰው ያስተርኩኛል፤ የተሳሳትኩት ካለ ሳያርሙ አያስተኙኝም። ዛሬ በሕይወት የሉም። ሰማዩን መፍራት ተውኩ፤ እጄን መፍራት ግን አልተውኩም።

ናሆም አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ የራሱ ልጆች አሉት። ያችን ቀን ሲያነሳ ትዝ የሚለው የአምቡላንሱ መብራት ብቻ ነው። «እህቴ ባትደውል ኖሮ ዛሬ አልነበርኩም» ይላቸዋል ለልጆቹ። እነሱም ዞር ብለው በአድናቆት ያዩኛል። እኔ እጆቼን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።