ዳቦ ቤቱ አይፈርስም ያልን ጊዜ

ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ባለው የቻይኖች የገበያ ማዕከል ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። የገባሁት ኪራዩ ስለሚቀመስ እንጂ ቻይኖቹን አውቄ አልነበረም። ጎረቤቴ ዳቦ ቤት ያላቸው አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኛ ጠፍቶ በር በሩን ሳይ፣ ቀይ ባቄላ የተሞላበት ትኩስ ዳቦ አምጥተው ከማሽኔ አጠገብ አኖሩልኝና ወጡ። በማግስቱ የተተረተረ ሽርጣቸውን ሰፋሁላቸው። እንዲህ ተዋወቅን።

የሰፈሩን ታሪክ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። ሲመጡ ሕንፃው ባዶ ነበር፤ መስታወቱ ረግፏል፣ ፓርኪንጉን ሣር ውጦታል። ባንክ ፊት ሲነሳቸው ቻይኖቹ እንደኛ እቁብ እየጣሉ አንዱ የሌላውን ሱቅ አስከፈተ። ባላቸው ግድግዳውን ቀለም ሲቀቡ እሳቸው ልጅ አዝለው ሊጥ ያቦኩ ነበር።

አምና ሕንፃውን የገዛው አዲሱ ኦነር ሰበሰበን። አፍርሶ አፓርትመንት ሊሠራበት ነው። የሰፈሩ ታሪክ እንዳይረሳ ግን ፊት ለፊት የሚያምር የቻይና በር እንደሚያቆም ፈገግ እያለ አስረዳን።

አሮጊቷ እጃቸውን አወጡ። «ከበሩ በስተጀርባ ማን ይኖራል?» አሉት።

እሱ ግን ስለ አፓርትመንቱ ማውራቱን ቀጠለ።

እዚህ ያደገችው ልጄ ነገሩን ስነግራት፣ ፋይት ከማድረግ ሌላ ቦታ ብፈልግ እንደሚሻል መከረችኝ። ለእኔ አስባ ነው። እኔ ግን ተነሽ በተባልኩ ቁጥር መነሳት ሰልችቶኛል።

የከተማው ምክር ቤት በማፍረስ ፈቃዱ ላይ የተነጋገረበት ቀን አዳራሹን ሞላነው። ለተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ሁለት ደቂቃ ነው። አሮጊቷ በቋንቋቸው ጀመሩ፤ አስተርጓሚው ሲከተል ሰዓቱ አለቀ። ሰብሳቢው ይቀመጡ አለ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩና ሰዓቴን ለእሳቸው መስጠቴን ተናገርኩ። ሰብሳቢው ደንቡ አይፈቅድም አለኝ።

«እንግዲያው እሳቸው የሚሉኝን እኔ እላለሁ» አልኩት።

አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በዚያችው እንግሊዝኛቸው ይነግሩኛል፤ እኔ በማይክሮፎኑ እደግመዋለሁ።

«ቦታው ባዶ ሳለ ማንም አልፈለገውም። ያቀናነው እኛ ነን። ታሪኩን ማቆየት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እኛን አቆዩን።»

የእኔም ሰዓት አለቀ። ያኔ ከኋላ እዚያው ማዕከላችን ኑድል ምግብ ቤት ያለው ሰውዬ ተነሳና እሱም ጆሮውን ሰጣቸው። ከዚያ የፀጉር ቤቷ ሴትዮ። አሮጊቷ የጀመሩትን ሁሉ ጨረሱ።

ምክር ቤቱ የማፍረስ ፈቃዱን ከለከለ። ኦነሩ ዕቅዱን አስተካክሎ እንደገና እንደሚያመለክት ነግሮናል። እስከዚያው የፓርኪንጉን መብራት አጥፍቶብን ነበር፤ እኛም ከየሱቃችን ገመድ እየሳብን አምፖል ሰቀልን። ያመልክት፤ እኛም ተመልሰን አዳራሹን እንሞላዋለን። ሰብሳቢው ድምፃችንን ገና በደንብ አልለመደውም።