የሞቱ ኮምፒውተሮች ወዴት ይሄዳሉ? ከዲላ እስከ ገደብ

ቅዳሜ ማለዳ ከዲላ መናኸሪያ የተነሣሁት ልፈርም ወይስ አልፈርም የሚለውን ለመወሰን ነው። በቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት በምሠራበት ትምህርት ቤት ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለው ክፍል በአሮጌ ኮምፒውተሮች ተሞልቷል። ክፍሉ ቢለቀቅ ለማታ ተማሪዎች ማንበቢያ ይሆናል። አሁን የሚያነቡት ኮሪደር ላይ ቆመው ነው። እኔም አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩት ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ፣ በማታ ስለሆነ፣ እንደዚያ ሆነው ሳያቸው አልፎ መሄድ ይከብደኛል።

በቅርቡ አንድ ሰብሳቢ ሁሉንም በነፃ ልውሰድ አለ። የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂን በኃላፊነት እንደሚያስወግድ የሚመሰክር ሰርተፊኬትም አሳየ። ንብረቱ በእኔ ስም የተመዘገበ ስለሆነ የሚቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

«እትዬ እታገኝ፣ ሰውየው እኮ ሰርተፊኬት አለው! እንደ ግሬድ አንድ ቡና ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ ርእሰ መምህሩ አቶ ዮሴፍ።

«ዕቃውን የሚያከማችበትን መጋዘን ማየት።»

«ገደብ ድረስ?»

«ገደብ ድረስ።»

ወናጎ

ሚኒባሱ ወናጎ ላይ ሰው ሲጨምር እኔ የሰርተፊኬቱን ቅጂ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር። ስለዚህ ዓይነት ምስክር ወረቀት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የሰነበትኩት። የሚሰጠው ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ፣ እስከ አንድ ቀን ድረስ ነው። መሰብሰብ ሌላ፣ መፍታትና ማቅለጥ ሌላ። በጥንቃቄ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ከዚያ ወዲያ ለማን እንደሚተላለፍ ይጠይቃል።

«እናቴ፣ ወረቀቱን አጠፍ አድርገው ጠጋ ይበሉ፤ እዚህ ፈተና የለም!» አለኝ ረዳቱ።

«አለ እንጂ» አልኩት። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ በመስኮት ማየት ያዝኩ። በዚህ መንገድ እርሻው የት አልቆ ጫካው የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል፤ ከላይ ዋርካው፣ ከሥሩ ቡናው፣ ከዚያ እንሰቱ። ይርጋጨፌ ላይ ቆጮ በጎመን በላሁ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል የገደብን መኪና ያዝኩ።

ገደብ

መጋዘኑ ከፈራሁት የተሻለ ነበር። ጣሪያው ደህና ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ከመጋዘኑ ጀርባ የሚኖረው ጠባቂ አቶ ዱካለ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ በሲባጎ ካርቶን አስሯል፤ የመጣበት ከተማና የሰጠው ሰው ስም ተጽፎበታል።

«እዚሁ አጠገብ፣ ባንኮ ጎቲቲ፣ እሸት ቡና ተረካቢ ነበርኩ፣ እህቴ። የማን ማሳ እንደሆነ ካልታወቀ አላስገባም። ይሄም ያው ነው።»

ደስ አለኝ። ልቤ ፈርሞ ነበር ማለት ይቻላል።

«ከዚህስ ወዴት ይሄዳሉ?» አልኩት።

«አይሱዙ ይመጣል፣ ይጭናል።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ።»

«ላይ የት?»

ፈገግ አለ። «ቡና ሲሆን ከየት መጣ ነው የሚሉን። ወዴት ሄደ ብሎ እኛን የሚጠይቅ የለም።»

ዙሪያዬን አየሁ። እኛ ክፍል ውስጥ ከሞሉት ባለ ሆድ ስክሪኖች አንድም የለም። «ስክሪኖቹስ?» ስል መልሱ ከጓሮ በር መጣ፤ እየሳቀች የገባችው የአቶ ዱካለ ባለቤት ናት።

«ቀበራቸዋ! እንሰቱ ሥር! ጎረቤት ‹ማን ሞተባችሁ› እያለ ይስቅብኛል።»

«አይሱዙው አልወስድም አለ፣ ምን ላድርግ?» አለ አቶ ዱካለ።

መስታወቱ ውስጥ እርሳስ እንዳለ፣ ሲሰበር አፈር ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ነገርኳቸው። ሴትየዋ መሳቋን ተወች። «የምንበላው እኮ ከዚያ ነው» አለች። ባልየው ስልኩን አወጣና ድምፁን ከፍቶ ለሰብሳቢው ደወለ።

«ጌታው፣ ዕቃው ከእኔ ወዲያ የሚሄድበትን ቦታ ንገረኝ።»

«ምን ሊያደርግልህ? አንተ ተረከብ፣ አስረክብ።»

«ስክሪኑስ?»

«ብርጭቆ አይደል እንዴ! መሬት ይበላዋል።»

«መሬቱን ደግሞ እኔ እበላለሁ!» ብሎ ዘጋበት።

ሰርተፊኬቱን እንደገና፣ አሁን ቃል በቃል፣ አንድ ላይ አነበብነው። የተጠቀሰው ቦታ ሌላ ከተማ ያለ ቢሮ ነው፤ ሥራው «መሰብሰብና ማከማቸት»። ገደብ የለችበትም፤ ከማከማቸት በኋላ ስላለውም አንድ ቃል የለም። ወረቀቱ አልዋሸም። ያላለውን ያነበብንበት እኛ ነን።

ስነሣ አቶ ዱካለ አካፋ ይዞ ጓሮ ገብቶ ነበር። «አውጥቼስ የት ላድርጋቸው?» ብሎ ጮኸ። «እዚያው ጣሪያ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሳይሰበሩ» አልኩት።

ዲላ

ቤቴ ስደርስ መሽቷል። በቡና አገር አድገን «ከየት መጣ» ማለትን ለምደናል፤ ለውዳቂ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ወዴት ይሄዳል» ነው። ለዚያ መልስ የሌለው ምስክር ወረቀት፣ ማኅተሙ ቢያምርም፣ መንገድ ላይ ያልቃል።

ሰኞ ለአቶ ዮሴፍ አለመፈረሜን ነገርኩት።

«የማታ ልጆቹስ?»

«ዛሬ ይገባሉ። ኮምፒውተሮቹን ወደ እኔ ቢሮ አስመጣልኝ።»

«እዚያች ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል ውስጥ? እስከ መቼ ሊጣበቡ ነው?»

«መድረሻቸውን በስሙ የሚጠራልኝ ሰው እስኪመጣ።»

ስክሪኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ የምቀመጠው በጎኔ ነው። ማንበቢያው ማታ ማታ ይሞላል። ተማሪዎቹ መጽሐፍ ሲጠይቁኝ የቢሮዬ በር የሚከፈተው በግማሽ ስለሆነ፣ እጄን አሾልኬ አቀብላቸዋለሁ።