የሐጂ መቀስ

የመጀመሪያ ሥራዬ አራዳ ውስጥ፣ በሐጂ ኑሩ የጨርቅ ሱቅ፣ በየመደርደሪያው ጠርዝ ስትሪፕ ላይት፣ እንደ ጥብጣብ እየተቆረጠ የሚለጠፈውን መብራት፣ መግጠም ነበር። ሐጂ ከወደዱት ለጎረቤት ነጋዴዎች ሊያስተዋውቁኝ ቃል ገብተውልኛል፤ ካልሆነ ተመልሼ ደባርቅ አባቴ ቤት መቀመጤ ነው።

ስትሪፑ የሚቆረጠው በተሠመረለት ቦታ ብቻ ነው። መቀሱ ከመስመሩ ከሳተ ቀጣዩ ቁራጭ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ጫፍ አይኖረውም። መደርደሪያዎቹን ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ የምንቆርጥባቸውን መስመሮች በእስክሪብቶ አደመቅኩ። ያም ሆኖ እጄን አላመንኩትም። ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲቆርጡ የኖሩትን ሐጂን እንዲቆርጡልኝ ለመንኳቸውና መሰላል ላይ ወጣሁ። እየቆረጡ ሲያቀብሉኝ ጫፉን እንኳ ሳላይ ማያያዣው ውስጥ እየከተትኩ ገጠምኩ።

የመጀመሪያው ቁራጭ በራ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አቀያየርኩ፤ አዳፕተሩን ለወጥኩ። ሦስተኛውም አራተኛውም ጨለማ ሆኑ። ጎረቤታቸው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሐጂ፣ ኩራዝ ላውስዎት?» አለ።

«ተወው፣ ልጁ ይሥራበት» አሉት ሐጂ። ደግነታቸው ይበልጥ አሳፈረኝ። ይህ ሙያ የእኔ እንዳልሆነ ገባኝና ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። አንዱን ቁራጭ ነቅዬ ስጠቀልል ጫፉን አየሁት።

«ሐጂ፣ መስመሩ ላይ አልቆረጡትም እንዴ?»

ቅር አላቸው። «መስመሩ ላይ የሚቆርጥ ቆንቋና ነው፣ ልጄ። አርባ ዓመት ስነግድ ለማንም እንደዚያ ቆርጬ አላውቅም። ላንተም ሁለት ሁለት ጣት መርቄልሃለሁ።»