አከራዬ ጥንቸሉና የመጨረሻው ወንበር

ከአገር የወጣሁበት ምሽት መገናኛ ጭቃ በጭቃ ነበረች። ባቡሩ እየተሠራ ስለነበር አደባባዩ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሯል፤ ሰው የሚሻገረው በአንዲት ጣውላ ላይ እየተንገዳገደ ነው። ባሕርና በረሃ አቋርጠው የተሰደዱ ወገኖቼን ማቃለሌ አይደለም፤ ግን ያቺን ጣውላ የእናቷን ተረከዛም ጫማ አድርጋ የተሻገረች ሴት ትረዳኛለች። ከጣውላው ማዶ፣ ፎቅ ላይ፣ አብሮ አደጌ ሮቤል የሚሠራበት ኢንተርኔት ቤት አለ።

«ሮቤል፣ ዛሬ ልሄድ ነው» አልኩት።

«ወዴት?»

«እትዬ በለጡ ወደሌሉበት አገር።»

«ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጪ፤ የሌላው ማውስ አይሠራም» አለኝ። ሽኝቴ ይኸው ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ። ፌሎሪያ ኢንተርኔት ውስጥ ያለ አገር ነው። ሰው አቫታር የሚባል የራሱን ምስል ይሠራና ይገባል፤ ይራመዳል፣ እየጻፈ ከሰው ያወራል፣ ቤት ይይዛል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባይ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ይጫወታል። «ታዲያ አንቺ ኮተቤ እያደርሽ ምኑን ተሰደድሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱ መጀመሪያ የእትዬ በለጡን ግቢ መጥቶ ይይ።

እትዬ በለጡ አከራያችን ናቸው። እኔና እናቴ የምንኖረው ሰርቪስ ቤታቸው ውስጥ ነው። እንግዳ አይገባም። ውሃ በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው። የግቢው በር ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይቆለፋል። እናቴ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልብስ ሰፊ ናት፤ የመስፊያዋ ድምፅ ደግሞ ጃክ የሚባለውን ውሻቸውን ያስጨንቀዋል። ሰው በውሻ ጭንቀት ሥራውን ሲያቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት በየቀኑ ነው።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልቻልኩት የመስኮቱን ነገር ነው። ድሮ እናቴ ስትሰፋ ውላ ዓይኗ ሲደክም፣ ቀና ትልና በመስኮቱ የእንጦጦን ተራራ ታይ ነበር። «ዓይኔ ይመለስልኛል» ትላለች። እትዬ በለጡ ሌላ የሚከራይ ክፍል ብለው መስኮታችን ሥር ብሎኬት ካስቆሙ ወዲህ እናቴ ቀና ብላ የምታየው ብሎኬት ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ በወጣ ቁጥር ጎረቤት እልል ይላል፣ እኛ እንኳን ደስ ያላችሁ እንላለን፣ እናቴም ወደ ብሎኬቷ ትመለሳለች። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ የራሷ የምትለው መስኮት ኖሯት አያውቅም።

ስለዚህ የሄድኩ ዕለት «እማዬ፣ ቤት ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት።

«መጀመሪያ ጄሪካኑን ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

መንገዱን አልነግራችሁም፤ ማለቴ ልነግራችሁ ነው። ኔትወርኩ ከመድከሙ የተነሳ የፌሎሪያ ድንበር ላይ ስጠብቅ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ። ልገባ ስል መብራት ጠፋ። በሌላ ቀን ተመልሼ እንደምንም ስገባ ደግሞ ሰውነቴ ደረሰ እንጂ ፀጉሬ አልደረሰም። ሮቤል «ሎድ እያደረገ ነው፣ ከኋላ ይመጣል» አለኝ። ሻንጣው አውሮፕላን ማረፊያ የቀረበት ሰው ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔ የቀረብኝ ሹሩባዬ ነው። ያነሳሁትን ፎቶ ፕሪንት አስደርጌ ለእናቴ ባሳያት ደነገጠች።

«ፀጉርሽን ምን አደረጉት?»

«መንገድ ላይ ነው፣ እማዬ።»

«ቀሚስሽስ? እሱም መንገድ ላይ ነው?»

በሩ ላይ የተቀበለኝ ሹም ኮፍያ ያደረገ ዳክዬ ነው። «እንኳን ደህና መጣሽ» ሲለኝ፣ ያሳደገኝ ሰው አለና ሰላምታውን በአግባቡ መለስኩ። እንደምን ዋልክ? ጤናህ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው? ሥራ እንዴት ነው? አገሩ ሰላም ነው? እያንዳንዷን እየጻፍኩ ላክሁ። ቀጥሎ «መልእክት በማብዛትሽ ለጊዜው ታግደሻል፤ ሰው መሆንሽን አረጋግጪ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ሰው ስለሆንኩ እኮ ነው የጠየቅኩህ!» ብዬ ብጽፍ የሚሰማኝ የለም። ሥዕሎች ደርድሮ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ምረጪ አለኝ። ከመገናኛ ለመጣ ሰው ይህ ግፍ ነው። ሮቤል መረጠልኝና ገባሁ።

ቤት የሚያድለው ቢጫ ቦት ጫማ ያደረገ ጥንቸል ነው፤ ስሙ ሚስተር ቢስኮት ይባላል። ኮረብታ ሥር ያለች ሰማያዊ ጣሪያ ቤት ፊት አቆመኝ።

«ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል?» አልኩት።

«እዚህ ውሃ አያስፈልግሽም።»

«መብራትስ?»

«እዚህ አይመሽም።»

«ውሻ አለህ?»

«እኔ ጥንቸል ነኝ» አለ። ትንሽ የተቀየመ መሰለኝ።

«እንግዳ ማምጣት ይቻላል?»

«አገሩ የተሠራው ለምን ሆነና? አምጪ እንጂ!»

እዚህ ላይ አለቀስኩ። ሮቤል ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎት ሮጦ መጣ።

የጥንቸሉ ውል አንድ ብቻ ነበር፦ ነዋሪ የሆነ ሁሉ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት አደባባይ ወጥቶ ጨዋታ ይጫወታል። ሦስት ቅዳሜ የቀረ ሰው ቤቱ ለተረኛ ይሰጥበታል። ጨዋታ ነው ብዬ ናቅሁት።

ስለ አኗኗሩ ላጫውታችሁ። ኬኩ በየድግሱ እንደ ጉድ ይዘረጋል፤ ትጫኑታላችሁ፣ ያልቃል፣ ሆዳችሁ ግን አልሰማም። አየሩ ሁሌ ብራ ነው፤ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ በኋላ ግን የኮተቤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ይናፍቃል። እሱን እንኳ ጆሮ ማዳመጫዬን ሳወልቅ አገኘው ነበር። የከፋው የሰዉ ጠባይ ነው። ቤቴ ተቀምጦ ሲያወራ የቆየ ሰው «ባይ» ብሎ እዚያው ይተናል። በር ድረስ ልሸኘው ብድግ ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ስንት ሰው ሳልሸኝ ቀረሁ!

ቤቷን ግን አሳመርኳት። የእናቴ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር፣ ተራራው ፊት ለፊት። አገሩ ሁሉ ቢፈለግ የልብስ መስፊያ የሚባል ዕቃ ስለሌለ በሱ ፋንታ የዳቦ መጥበሻ አስቀመጥኩ፤ ከሩቅ ሲያዩት ይመስላል። እናቴ መጥታ እስክታያት ቀን እቆጥር ጀመር።

ሳላስበው ግን ቅዳሜዎቹ አመለጡኝ። የመጀመሪያውን መብራት ጠፋ። ሁለተኛውን በስድስት ሰዓት ብሎኛልና እኩለ ቀን ላይ ከች አልኩ፤ አደባባዩ ጭር ብሏል። የነሱ ስድስት የኛ አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን ሮቤል ሲነግረኝ ምሳዬን በልቼ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነበር። ሦስተኛውን ከእናቴ ጋር የመዘምራን ልብስ ተሸክመን አያት ሄድን። ጥንቸሉ ጠራኝ።

«የቀረሽበት ምክንያት?»

«ልብስ ላደርስ አያት ሄጄ።»

«አያት ማን ናት?»

«ሰፈር ነው፤ ኮንዶሚኒየም ያለበት።»

«ቤት አለሽ ማለት ነው?»

«የሌሎች ነው!»

«አዝናለሁ» አለ ጥንቸሉ። «ቤቱን አንድ የእንቁራሪት ቤተሰብ እየጠበቀው ነው። አንድ መንገድ ብቻ አለ። በሚመጣው ቅዳሜ የወንበር ጨዋታ አለ፤ ያሸነፈ ሰው ቤቱን ለዘለዓለም ይይዛል። የተሸነፍሽ እንደሆነ የዚያኑ ዕለት ታስረክቢያለሽ።»

በዚያ ቅዳሜ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ብሸነፍም እንኳ አንድ ጊዜ ትያት ብዬ ነው። የእሁድ ልብሷን ለብሳ፣ ባዶ እጅ አይገባም ብላ ዳቦ ይዛ፣ ጣውላውን ተሻገረች። ዳቦውን ለሮቤል ሰጠችው፤ «ለጥንቸሉ አድርስልኝ፣ ጌታ ይባርከው በልልኝ» ብላ። ከጎኔ ወንበር ስባ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሙዚቃው ሲቆም ባገኛችሁት ወንበር ትቀመጣላችሁ፤ ደወል እስኪደወል ካልተነሳችሁ ወንበሩ ጸደቀላችሁ። ቆሞ የቀረ ይወጣል። በየዙሩ አንድ ወንበር ይነሳል። ደግሞ ለኔ? በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ቆሞ የኮተቤ ታክሲ ለተጋፋ ሰው ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ የዕለት ኑሮ ነው። አንድ ባለ ሰይፍ ወታደር በክርኔ ቀደምኩ። አንዲት ሮቦት ልትቀመጥ ስትል መለስኳት። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የራሱን ትቶ ከኋላዬ ተሰበሰበ። «አይዞሽ፣ የኮተቤ ልጅ!» ይላሉ።

በመጨረሻ አንድ ወንበርና ሁለት ሰው ቀረን። ሙዚቃው ቆመ፤ ዘልዬ ተቀመጥኩ። ቤቱ ጮኸ። ደወሉ ብቻ ነው የቀረው።

ቀና ብል ፊቴ የቆመው ተጋጣሚዬ ነጭ ጺም ያለው፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ ነው።

«ምህረት» አለች እናቴ።

«እ?»

«ተነሺላቸው።»

«እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ሽማግሌ አቁመሽ ነው የምትጫወቺው?»

«አቫታር ነው! ከጀርባው ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ኮረዳም ልትሆን ትችላለች!»

«ሽበት አላቸው» አለች እናቴ። ለሷ ነገሩ አልቋል።

ከኋላዬ የቆሙ ተማሪዎች «እንዳትነሺ! እንዳትነሺ!» ይላሉ። ኢሜይል ሊያዩ የመጡ አንድ አባት ደግሞ «ተነሺ ልጄ፣ ነውር ነው» አሉ። ሮቤል «ቤቱ ይሄዳል!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ጠረጴዛው፣ መስኮቱ፣ ተራራው ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ። ሽማግሌው ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እናቴም እያየችኝ ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ጣቴ ሳያማክረኝ ቁልፉን ተጫነ። ብድግ አልኩና «ኖር» ብዬ ጻፍኩ።

«በእግዜር!» አለች እናቴ በሳቸው ፋንታ።

ሽማግሌው ተቀመጡ፤ ደወሉ ተደወለ። ተማሪዎቹ ቀብር የዋሉ መስለው ወደየኮምፒውተራቸው ተመለሱ።

«ለምን ተነሳሽ?» ብለው ጻፉልኝ ሽማግሌው።

«ትልቅ ሰው ስለሆኑ» አልኳቸው። ኖር ምን ማለት እንደሆነም አስረዳሁ። ኔትወርኩ ጠፋ ብዬ ስጠብቅ «አመሰግናለሁ፣ ጉልበቴን ያመኝ ነበር» የሚል መጣ።

«አላልኩሽም?» አለች እናቴ። «ጉልበታቸውን ያማቸዋል!»

በኋላ እንደሰማሁት ሽማግሌው ነገሩን ላገሩ ሁሉ አወሩት፤ ወሬውም ተዛመተ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙዚቃው ሲቆም ሁሉም ለሁሉም ብድግ ይል ጀመር። ሮቦቷ ለወታደሩ «ኖር»፣ ወታደሩ ለዳክዬው «ኖር»፤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ጥንቸሉ ጆሮውን ይዞ «እባካችሁ አንድ ሰው እንኳ ይቀመጥ!» እያለ ሲለምን አምሽቶ ጨዋታውን በተነ። ለኔ ግን ምን ይጠቅመኛል? ሽማግሌው የራሳቸው ቤት ስላላቸው የኔን አልፈለጉም፤ ጥንቸሉ ደግሞ ውል ውል ነው ብሎ ለእንቁራሪቶቹ ሰጠው። ስድስት ልጆች አሏቸው አሉ። በጣሪያዬ ላይ ይዘላሉ።

የተሸነፍኩ ዕለት ግን ቤቱን እስካስረክብ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠኝ። እናቴን ይዣት ገባሁ፤ ማለት እኔ ገባሁ፣ እሷ ከጎኔ ሆና አየች።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ጠረጴዛው ላይ ያለውን እያሳየች።

«መስፊያሽ ነው።»

«ዳቦ መጥበሻ አይደለም እንዴ?»

«ሌላ አጥቼ ነው።»

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ መስኮቱን አየችው። ተራራው ሕፃን ልጅ የሣለው ዓይነት አረንጓዴ ክምር ነው፤ ደመናዋም ከላዩ አትነቃነቅም። እናቴ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አደረገች።

«ባሕር ዛፍ የለውም» አለች።

«እንጦጦ እኮ አይደለም፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ዓይን ያሳርፋል ግን።»

«መነሣት አልነበረብኝም» አልኳት። «አሁን ቤታችን ነበር።»

«ባትነሺ ኖሮ እኔ በምን ዓይኔ እገባበት ነበር?» አለች፣ ዓይኗን ከተራራው ሳትነቅል።

ስልኳ ጮኸ። እትዬ በለጡ ናቸው፤ የጃክ ጩኸት ከሳቸው ቀድሞ ይሰማል።

«የት ናችሁ? በሩን ልቆልፍ ነው!»

«ውጭ አገር ነን፣ እትዬ» አለች እናቴ።

«የት?»

«ውጭ አገር። ቤት ልናይ መጥተን።»

ጃክ እንኳ መጮኹን አቆመ።

«ታዲያ ልቆልፈው?»

«ኧረ አይቆልፉት! መንገድ ላይ ነን፣ ደርሰናል» አለች እናቴ። ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከወንበሯ ግን አልተነሳችም።