በሆሳዕና ቀን የመለስኩት ጋሪ

ዛሬ ሆሳዕና ነው። ታናሽ ወንድሜ አቤል፣ ብየዳ ባጠቆራቸው ጣቶቹ የዘንባባ ቀለበት ሠርቶ ጣቴ ላይ ሲያጠልቅልኝ፣ ያ የእርጥብ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ሰው በዓል ሲደርስ ደስ ይለዋል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እፈራለሁ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቡራዩ ገና ግማሹ እርሻ ነበር፤ ቤታችንም ከአስፋልቱ የራቀ፣ ዶፍ ሲወርድ ጫማ የሚውጥ ጭቃ ውስጥ። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ አሥሩንም ጣቴን በዘንባባ ቀለበት ሞልቼ እንደ ትልቅ ወይዘሮ ስንጎራደድ፣ የሁለት ዓመቱ አቤል ሰውነቱ እሳት ሆኖ አንገቱ ድርቅ አለ። አባባ ነጠላውን እንኳ ሳያወልቅ፣ "መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ በሩን ጠብቂ" ብሎኝ ሮጠ። እማማ ልጇን ታቅፋ "ድረስልኝ ጌታዬ" እያለች ስታለቅስ፣ እኔ ከቆርቆሮው በር ኋላ ቆሜ የመኪና ድምፅ ብቻ አዳምጥ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ ከቤታችን ጀርባ የሚያርሱት ጎረቤታችን፣ ከነአህያ ጋሪያቸው።

"ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ ሲሮጥ አየሁት፤ ዛሬ መኪና የት ይገኛል? ልጁን አምጡት፣ ጤና ጣቢያ ላድርሳችሁ።"

ጋሪው ፋንድያ ይሸታል። የሰፈሩ ልጆች እዚያ ላይ ተጭነን ቢያዩን ብዬ አፈርኩ፤ አባባስ መኪና አላለም?

"ግድ የለም ኦቦ፣ ይሂዱ፤ መኪና እየመጣ ነው።"

"እንግዲያ እሱ ይሻላል" አሉና አህያዋን አዞሩ።

"ማነው?" አለች እማማ ከውስጥ።

"ማንም አይደለም" አልኳት።

አባባ ቀትር ላይ በላብ ተጠምቆ ባዶ እጁን መጣ። ያደረሰን ያው ጋሪ ነው። መንገዱን ሁሉ ኦቦ ገመቹ ያጋልጡኛል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ እሳቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። አቤል ከሞት ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ…" ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ዛሬ ቄሱ ሲሰብኩ፣ ኢየሩሳሌም ሮምን በሰይፍ የሚያባርር ንጉሥ ስትጠብቅ በአህያ መጣባት አሉ። አጠገቤ ያለች ሴትዮ "ምን ዓይነት መታወር ነው!" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። አንገቴን ደፋሁ። እኔ ዛሬም በር ሲንኳኳ፣ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሮጬ እከፍታለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ኦቦ ገመቹ አርፈዋል፤ እርሻቸው ላይ ፎቅ ቆሟል። እማማም "ማንም አይደለም" ያልኳትን እንዳመነች አለፈች። ከአቤል ጋር በእጅ ምልክት የማናወራው ነገር የለም፤ ይሄን አንድ ነገር ግን እጄ እምቢ ይለኛል።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ እንደየዓመቱ ከኋላው ሆኜ፣ "አቤልዬ፣ ጋሪው ቀድሞ መጥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኩት" አልኩት። ዞር አለ። ቀለበቴ መላላቱን አይቶ ኖሯል፤ ጣቴን ይዞ አጠበቀልኝ።