ሳልውጣት የቀረችው ቀይ ፍሬ

ልጄ የእርግዝናዋን ስድስተኛ ወር ስትይዝ ወልዳ ልትታረስ ወደ እኔ መጣች። የመጀመሪያዋ ነው። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ ነው።

ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰማዩ የሚቀላበትን ሰዓት እወደዋለሁ። ውሃ የረጨሁት ደጅ ይሸተኛል፤ የመኪናው ድምፅ ከሩቅ እንደ ንብ ነው። ልጄ ግን በዚያ ሰዓት ዝም ማለት አበዛች። አንድ ምሽት ደጅ የተቀመጠ ባልዲ አደናቅፏት ልትወድቅ ስትል ደረስኩላት። አላየሽውም ወይ ብላት፣ ፀሐይ ከገባች ወዲህ ምንም እንደማይታያት፣ ሳምንት እንዳለፋት ነገረችኝ። ዳፍንት ይዟታል፤ ቀን እያየ ሲመሽ የሚጠፋው ዓይን።

ሣጥኔን ከፈትኩ። ከልብሱ ሥር በጨርቅ የቋጠርኳት፣ ውስጧ ዘይት ያለባት ቀይ የመድኃኒት ፍሬ አለችኝ። ልጄን ራሷን በወለድኩ ሰሞን ነው የሰጡኝ፤ ቫይታሚን ኤ ነው፣ ለጡትሽ ወተት ይበጃል ብለው። ወደ ብርሃን ይዤ ሳያት እንደ ጨሌ አማረችኝና መዋጧ አሳዘነኝ። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ። ልጅቷ ዳዴ አለች፣ ሮጠች፣ ተዳረች፤ ፍሬዋ ሣጥን ውስጥ ቀረች።

አሁን ፍሬዋን እንድትውጣት ለልጄ ውሃ ቀዳሁላት። እሷ ግን ነገ ጠይቀን ይሁን አለችኝ።

ጠዋት ጤና ኬላ ሄድን። የጤና ኤክስቴንሽኗ የልጄ እኩያ ናት። ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ሳሳያት ፍሬዋን በመዳፏ ይዛ አገላበጠቻት።

«እማማ፣ እንኳን አልሰጧት። ይቺ ለእርጉዝ ትበዛለች፤ ሆድ ያለውን ልጅ ትጎዳለች። ደግሞ እኮ ከልጅዎ ጋር እኩል ያረጀች ናት።»

ልጄ ሳቀች። እኔ ግን ያ የቀዳሁት ውሃ ትዝ አለኝ።

ልጄ ምን እንደምትበላ ስትጠይቀኝ በኩራት ነገርኳት። ጎመንና እንቁላል ከልክያታለሁ፤ የልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል ይባላል። ማንጎውንም ለመንገደኛ እንሸጠዋለን። የከለከሏት እኮ ዓይኗን የሚያበራላትን ነው አለችኝ በቀስታ። ፍሬዋን እዚያው አስቀረችና ወደ ጤና ጣቢያው ላከችን። እዚያ መርምረው ለእርጉዝ የሚሆን፣ በየቀኑ የሚዋጥ ትንሽ ኪኒን ሰጧት። እኔም የበሰለውን ማንጎ ለመንገደኛ ከመሸጡ በፊት ለእሷ እየለቀምኩ ማስቀመጥ ያዝኩ። ጎመኑንም እንቁላሉንም ራሴ ሠርቼ አቀርብላታለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ መግሪብ ከሰገድኩ በኋላ ነጭ ነጠላዬን ተከናንቤ ከደጃፉ እርቃለሁ። ልጄ መደቡ ላይ ተቀምጣ «አይሻለሁ» እያለች እስክጠፋባት ታየኛለች። የመጀመሪያው ምሽት አራት እርምጃ ሄጄ ጠፋሁባት። ሌላ ጊዜ እስከ ውሃው በርሜል፣ ሌላ ጊዜ እስከ ፍየሎቹ ጉረኖ። እንደዚያ ስሄድ፣ ያቺ ያልዋጥኳት ፍሬ ወተቴ ውስጥ ሳትገባ የቀረችበትን ዘመን ወደ ኋላ የምራመደው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት ማንጎው ዛፍ ድረስ ደረስኩ። ድምፅ የለም። ጠፋሁባት አልኩ። ለመመለስ ስዞር እግሬ ሥር የወደቀ ማንጎ አገኘሁና ጎንበስ ብዬ አነሳሁ።

«እማ፣» አለችኝ ከመደቡ፣ «የልጄን ማንጎ ልትበይው ነው?»