በሕግ አምላክ ያልኩበት ቦይ

ሰው «በሕግ አምላክ» ሲል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ገበያ መሀል ሁለት ወያላ ተያይዘው አንድ አዛውንት ያንን ቃል ቢጥሉ እንኳን፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሁለቱም የያዙትን ይጣሉ!» ብዬ መጮህ ያምረኛል። ሰው እብድ ናት ይበል፤ የታባቱ። ያየሁትን ያየሁት እኔ ነኝ።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ስሜን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ግብርናዋ» ነው የሚለኝ። በበጋ ሕዝቡን ለተፋሰስ ሥራ እናስወጣለን፤ እርከን ይሠራል፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈራል። በዚያ ዓመት የተቆፈረው ቦይ ግን መውጫ አልነበረውም። የላይኛውና የታችኛው ጎረቤት ድንበር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ወንዙ ድረስ ይውረድ ብዬ ወረዳ ሄጄ ተጨቃጨቅሁ። «ዘመቻው ተጠናቋል፤ ቀሪው ለከርሞ» አሉኝ። ጎርፍ ለከርሞ ይጠብቃል እንዴ? ጠረጴዛውን በጡጫ መትቼ ወጣሁ።

ሐምሌ መጣ፤ ዝናቡም መጣ። የላይኛው ጎረቤት ጉልበተኛ ጎልማሳ ነው። ውሃው ማሳው ላይ ሲተኛበት የቦዩን ጠርዝ በዶማ ናደና ወደ ታች ለቀቀው። የታችኛው ማሳ የአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ጤፋቸውን ገና መዝራታቸው ነው። አፈሩም ዘሩም ተጠርጎ ገደል ገባ። እሪታውን ስሰማ ከገበሬዎች ማሰልጠኛው ወጥቼ፣ በቦቲ ጫማዬ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ።

ስደርስ ሽማግሌው እያሸነፉ ነበር። ሽማግሌ ስላቸው ጎባጣ እንዳይመስላችሁ፤ በዱላ የሚችላቸው አልነበረም። ጎልማሳውን ቦዩ ውስጥ ጥለው ትከሻውን፣ ጎኑን፣ እግሩን እያፈራረቁ ያወርዱበታል። ጭቃው ደም በደም ሆኗል። «ዘሬን! ዘሬን በላህ!» ይላሉ በየምቱ። ዱላው አናቱ ላይ ሊያርፍ ሲል ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

«በሕግ አምላክ! አባቴ፣ በሕግ አምላክ!»

ቆሙ። የተሰነዘረው ዱላ አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብለው አወረዱትና ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ ልጄ፣ ሕግ ካልሽ...» አሉ። አልጨረሱትም። እኔ ቃሉ ሁለቱንም የሚያስር መስሎኝ ነበር። ያኛው ከቦዩ ተነስቶ፣ ዱላ የያዙበትን ቀኝ እጃቸውን አንጓው ላይ በዶማው መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እጃቸው በቆዳ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እናቴ ብትሰማ አታምንም። ድንጋይ አንስቼ ፊቱን አልኩት። ጥርሱን ሲተፋ ደገምኩት። ሌላ ድንጋይ ሳማትር እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ። ወይኔ፣ ያን ጊዜ በደረስኩበት!

ነጠላዬን ቀድጄ ክንዳቸውን አሰርኩ፤ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አደረሳቸው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገቡ፤ እጃቸው አልተረፈም። እሳቸው ግን ስለ እጃቸው አላለቀሱም። ያስለቀሳቸው ልጃቸው ነው፤ ያለ እሱ ሌላ የላቸውም፣ ጠመንጃ አለው፣ ቁጡ ነው።

«የአባቴን ደም ልመልስ ብሎ ከገደለ ወይ ጫካ ይገባል፣ ወይ እስር ቤት» አሉኝ። «ያን ጊዜ እጅም ልጅም አጣሁ ማለት ነው። አስቁሚልኝ ልጄ።»

ምን ልበላቸው? እኔ እንደሆን ቢገድለው ደስታዬ ነበር። ግን በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

ከሆስፒታል ሲወጡ አብሬያቸው በባጃጅ መጣሁ። ማሳው አጠገብ ስንደርስ ሰው ቦዩ ጋ ተሰብስቧል። ያ ሰውዬ ዘመድ ቤት ተደብቆ ሰንብቶ፣ ማሳዬን ልይ ብሎ ብቅ ሲል ልጅየው ደርሶበታል። ቦዩ ውስጥ ተንበርክኳል፤ ልጅየው ጠመንጃውን ደግኖበታል። አንዲት ሴትዮ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

«ግብርናዋ፣ በይ እንጂ! ያን ቃል በይው! አንቺን ይሰማል!»

አፌን ዘጋሁ። አልልም! ብዬስ ምን አተረፍኩ?

ሽማግሌው ከባጃጁ ወረዱ። በፋሻ የተጠቀለለውን ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«በሕግ አምላክ!»

«የቱ ሕግ ነው አባ?» ልጃቸው ጮኸ። እንባው ይወርዳል፤ ጠመንጃውን ግን አላወረደም። «ይሄንኑ ሰምተህ አይደል የቆምከው? እጅህ የታል? የታል እጅህ?»

«እጄ በዚህ ቃል ቆመ» አሉት። «ያንተም ይቁም።»

ልጅየው ጠመንጃውን እንደደገነ ፋሻ የተጠቀለለውን የአባቱን ክንድ አየ። ከዚያ አፈሙዙ ወደ መሬት ወረደ፤ አንድ ጎረቤት ቀረብ ብሎ ጠመንጃውን ተቀበለው። ሰውዬው ጭቃው ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

ሽማግሌው ግን እሱንም ልጃቸውንም አላዩም። እኔን ነው ያዩት፤ እጄን።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንቺንም ነው ያልኩሽ።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከባጃጁ ስወርድ ይሁን ሴትዮዋ ስትጎትተኝ፣ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ጭብጤን የሚሞላ ድንጋይ ይዣለሁ። ጣቶቼ አልላቀቅ አሉ። እሳቸው ክንዳቸውን ሳያወርዱ ይጠብቁኛል።

«እሺ አባቴ» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ፤ ድንጋዩን ቦዩ ውስጥ ጣልኩት።